ቡናን በቆላ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ማቆየት
ለአዋሽና ለሰመራ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ቡና በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ከተሞች በሰፊው ይጠጣል እንጂ አይመረትም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ በየቤቱና በየመንገዱ ዳር የሚፈላው ቡና ከደጋና ከወይና ደጋ ተጭኖ የሚወርድ ነው። ለአዋሽ ቅርብ የሆነው የምዕራብ ሐረርጌ ቡና ሲሆን፣ የደቡቡና የምዕራቡ ደግሞ በአዲስ አበባ በኩል ይደርሳል። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚሄደው የወጪ ንግድ ቡናም የሚያልፈው በዚሁ ሸለቆ ነው፤ ለአገር ውስጥ ሸማች የሚቀርበው ግን ከዚያ የተለየ ነው።

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ደርቆ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ አቅርቦቱ ስለሚበዛ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ረገብ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይወደዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዓለም ገበያም ወጥቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ምክንያት አቅም ያለው ቤተሰብ የዓመት ቡናውን በአንድ ጊዜ መግዛትን ይመርጣል። የሸማቾች ማኅበራትም ለአባሎቻቸው በርከት አድርገው ገዝተው ያስቀምጣሉ።

አሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ቡናው በአቀማመጥ ጉድለት ከተበላሸ በርካሽ ተገዝቶ የተገኘው ትርፍ ይጠፋል፤ ከዚያም አልፎ የቤተሰቡ ገንዘብ ይባክናል፣ የማኅበሩ የመጋዘን ሠራተኛም በማያውቀው ጉድለት ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣና በምን ዘዴ መቀነስ እንደሚቻል ያስረዳል።

ቆላው ከደጋው የሚለይበት ነገር

ስለ ቡና አቀማመጥ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ቡና ለሚያመርቱ አካባቢዎች የተዘጋጀ ነው። በጅማ፣ በከፋ ወይም በሲዳማ የመጋዘኑ ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ዝናቡ ረጅም፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ቡናው ውኃ እየሳበ ይሻግታል። በመሆኑም ምክሩ ሁሉ “አድርቁ፣ አናፍሱ” ይላል።

በሰመራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሐጋይ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል፤ አየሩም ደረቅ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከ900 ሜትር በላይ ስለሆነች ሙቀቷ ቀለል ይላል፤ ቢሆንም ቆላ ናት። በእነዚህ ከተሞች በክፍት ጆንያ የተቀመጠ ቡና አብዛኛውን ዓመት ውኃ አይስብም፤ ይልቁንም የራሱን ውኃ ለአየሩ ይሰጣል። ስለዚህ የደጋውን ምክር እንዳለ ወስዶ ቡናውን ያለ መክደኛ ማናፈስ በሰመራ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ይህ ሲባል እርጥበት ጨርሶ አያሰጋም ማለት አይደለም። በካርማና በሱጉም ዝናብ ጊዜ፣ እንዲሁም በመስኖ እርሻዎች አቅራቢያ ባሉ መንደሮች አየሩ ለሳምንታት ይረጥባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡናው ከደጋው ሲጫን በደንብ ሳይደርቅ ሊመጣ ይችላል።

ቡናን የሚያበላሹ ነገሮች

ሀ/ እርጥበት፦ በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና በውስጡ የሚቀረው ውኃ ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። ከ12.5 በመቶ በላይ ሲሆን ሻጋታ ለመብቀል መንገድ ያገኛል። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በመቁላት ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን (ኮዴክስ) እ.ኤ.አ. በ2009 ስለዚህ መርዝ መከላከያ ለቡና ብቻ የሚሆን የአሠራር ደንብ አውጥቷል። የደንቡ ዋና መልእክት ቡናን በጊዜ ማድረቅና ደረቅ እንደሆነ መጠበቅ ነው።

ለ/ ከመጠን ያለፈ ድርቀት፦ የውኃ መጠኑ ከ8 በመቶ በታች ሲወርድ ፍሬው ተሰባሪ ይሆናል። በምጣድ ላይ ቶሎ ይነዳል፤ ላዩ ሲከስል ውስጡ አይበስልም። መዓዛውም ይቀንሳል።

ሐ/ ሙቀት፦ በቡና ፍሬ ውስጥ ቅባት አለ። ቅባቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ለውጥ ያፋጥነዋል። በጥቅሉ ሲታይ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እንዲህ ያለው ለውጥ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። በወይና ደጋ አንድ ዓመት ጣዕሙን ይዞ የሚቆይ ቡና በሰመራ ቆርቆሮ ቤት በጥቂት ወራት እንጨት እንጨት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

መ/ ሽታ፦ ቡና የአካባቢውን ሽታ እንደ ጥጥ ይስባል። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ቆዳ፣ ሽንኩርትና በርበሬ በአቅራቢያው ሊቀመጡ አይገባም። በቆጥ ላይ ከምድጃ በላይ የሚሰቀል ቡና ነቀዝ ባይደፍረውም ጭስ ጭስ ማለቱ አይቀርም።

ሠ/ ነቀዝና አይጥ፦ የቡና ነቀዝ የሚስማማው እርጥበት ያለው ቡና ነው። በደንብ በደረቀና በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ቡና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። አይጥ ግን በጆንያ ላይ አትመለስም።

የክብደት ጉድለት ከየት ይመጣል?

ይህ ክፍል በተለይ ለማኅበራት ንብረት ያዦችና ለቁጥጥር ኮሚቴ አባላት የተጻፈ ነው። በብዙ መጋዘኖች በገቢ ጊዜና በወጪ ጊዜ የተመዘነው ቡና አይገናኝም። ልዩነቱም ወዲያው እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ከመወንጀል በፊት ግን ስሌቱን መሥራት ተገቢ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በገቢ ጊዜ የነበረውን የውኃ መጠን በመቶ ከ100 ይቀንሱ፤ የተገኘውን በክብደቱ ያባዙ፤ ከዚያም በወጪ ጊዜ ያለውን የውኃ መጠን ከ100 ቀንሰው በሚያገኙት ያካፍሉ። የሚገኘው መልስ አንድም ፍሬ ሳይጠፋ ቡናው ሊመዝን የሚገባው ነው።

ምሳሌ 1፦ 100 ኪሎ ግራም ቡና 11 በመቶ ውኃ ይዞ ሰመራ ገባ። በክፍት ጆንያ ሐጋይን አሳልፎ 8 በመቶ ላይ ደረሰ። 100 ሲባዛ በ89፣ ሲካፈል ለ92፣ 96.7 ኪሎ ይሆናል። አንድም ሰው ሳይነካው 3.3 ኪሎ ጎድሏል ማለት ነው። ማኅበሩ 20 ኩንታል ቢኖረው ጉድለቱ ወደ 65 ኪሎ ይደርሳል።

ምሳሌ 2፦ ማኅበሩ በደንብ ያልደረቀ፣ 14 በመቶ ውኃ ያለው 100 ኪሎ ቡና ገዛ። ቡናው 11 በመቶ እስኪደርስ ቢደርቅ የሚቀረው 96.6 ኪሎ ነው። ማኅበሩ 3.4 ኪሎ ውኃ በቡና ዋጋ ገዝቷል።

ከነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ በገቢ መዝገብ ላይ ከክብደት ጎን የውኃ መጠን መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ንጹሑን ሠራተኛ ከሌባው መለየት አይቻልም። ከስሌቱ በላይ የሆነ ጉድለት ሲገኝ ደግሞ በድርቀት ማመካኘት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጉድለቱን “ለመመለስ” በቡናው ላይ ውኃ መርጨት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። የተረጨው ውኃ ሚዛኑን ለጥቂት ቀናት ያስተካክል ይሆናል፤ ነገር ግን በሙቀት ላይ ሲታከል ሻጋታን በአጭር ጊዜ ያነሣል፤ የማኅበሩን አባላት ጤናም አደጋ ላይ ይጥላል።

ሲገዛ የሚደረግ ጥንቃቄ

መጥፎ ቡና በጥሩ አቀማመጥ አይሻሻልም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከገበያ ይጀምራል።

1. የሚገዛው የዘንድሮ ምርት ይሁን። የከረመ ቡና ነጣ ወይም ቡናማ ይላል፤ መዓዛው የደከመ ነው። ይሁን እንጂ ያልታጠበ የሐረር ቡና በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ስለሚያደላ በመልክ ብቻ አይፈረድበትም። እፍኝ ሙሉ ይዞ ማሽተት፣ ከተቻለም ጥቂት ቆልቶ መቅመስ ያስፈልጋል።

2. ፍሬው በጥርስ ይሞከር። በደንብ የደረቀ ፍሬ ጠንካራ ነው፤ የጥርስ ምልክት እምብዛም አይታይበትም። ጥርስ የሚገባበት ፍሬ እርጥብ ነው።

3. የጨው ሙከራ ይደረግ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በፀሐይ የደረቀ ጥቂት ጨውና ቡናው ገብቶ ተከድኖ ይናጥ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ቡናው እርጥብ ነው፤ አይገዛም። ካልተጣበቀ የውኃው መጠን ከ15 በመቶ በታች ነው ማለት እንጂ 12 በመቶ ደርሷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ማኅበራት በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ በእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ሊያስለኩ ይገባል።

4. የተሰበረ፣ የጠቆረ፣ በነቀዝ የተበሳና የሻገተ ፍሬ ተለቅሞ ይውጣ። አንድ የሻገተ ፍሬ የሙሉ ጀበና ጣዕም ያበላሻል።

5. ማኅበራት ከሕጋዊ አቅራቢ ብቻ ገዝተው ደረሰኝና የማጓጓዣ ሰነድ መያዝ አለባቸው።

ጀንፈል የማግኘት ዕድል ያለው ሰው ደግሞ ገለባው ፍሬውን ስለሚጠብቀው ከተቀሸረው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። ነገር ግን ከጀንፈሉ ንጹሕ ቡና ሆኖ የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ስለሆነ ለማጓጓዝም ለማስቀመጥም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

በቤት ውስጥ አቀማመጥ

ምን ያህል ይገዛ? በቀን አንድ ጊዜ 50 ግራም ጥሬ ቡና የሚቆላ ቤት በዓመት 18 ኪሎ ገደማ፣ በወር ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ያስፈልገዋል። የቤት እመቤቷ የራሷን ልክ በሚዛን አንድ ሳምንት አይታ መወሰን ትችላለች። ከዓመት ፍጆታ በላይ መግዛት አይመከርም።

በምን ይቀመጥ? ዋናው ምክር ይህ ነው፦ የዓመቱ ቡና በአንድ ትልቅ ዕቃ አይቀመጥ፤ በየወሩ ፍጆታ ልክ ተከፋፍሎ ይዘጋ። አንድ ትልቅ ጆንያ በተከፈተ ቁጥር የዓመቱ ቡና በሙሉ ትኩስ አየር ያገኛል። በትናንሽ ዕቃ የተከፋፈለ እንደሆነ ግን የተከፈተው የአንድ ወሩ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚሆን ዕቃ በየቤቱ አለ። ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው የሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ከአንድ ኪሎ ከሩብ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ጥሬ ቡና ይይዛል። ታጥቦ፣ አፉ ተዘቅዝቆ ጠብታ እስከማይቀር ድረስ ከደረቀ በኋላ ቡናው እስከ አፉ ይሞላል፤ እየተነቀነቀም ይጠቀጠቃል። ባዶ ቦታ ባነሰ መጠን አየሩ ያንሳል። ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋል፤ የተገዛበት ወር ይጻፍበታል። ጥሩ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮ ወይም ውኃ ብቻ ይያዝበት የነበረ ንጹሕ ጀሪካንም ይሆናል። ለእህል የሚሸጠው ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በውስጡ ያለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በርከት ላለ ቡና ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ከረጢት አየሩ ወጥቶ ለየብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል።

አንድ ነገር ልብ ይባል፦ አየር የማያስገባ ዕቃ ደረቁን ቡና ደረቅ እንደሆነ ይጠብቃል፤ እርጥቡን ግን አያደርቅም። እርጥብ ቡና ታፍኖ ከተዘጋ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት የሚያጠራጥር ቡና በጥላ ሥር በሰሌን ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ይደርቅ። በሰመራ ቀትር ፀሐይ በቀጥታ ማስጣት ግን ከመጠን በላይ ያደርቀዋል። ከተሰጣ በኋላ ሲመሽ በርዶ እንጂ በትኩሱ አይዘጋ።

የት ይቀመጥ? በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እጅግ የሚሞቀው ከጣሪያው ሥር ያለው ነው። ስለዚህ ቡና ከቁም ሣጥን በላይ ወይም በቆጥ ላይ አይቀመጥም። የምዕራብ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ነገር ግን ከመሬት በእንጨት ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። የአፋር እናቶች ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት አሪ ነፋስ ስለሚያስተላልፍ ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ለዚህ ይስማማል፤ በዚያም ቢሆን ዕቃው መዘጋት አለበት። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት በደንብ የተዘጋውን ጠርሙስ በዚያ ሊያኖር ይችላል። ሲያወጣ ግን ጠርሙሱ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍት ይጠብቅ፤ ያለዚያ በፍሬው ላይ ጤዛ ይወርዳል።

ጥሬ ወይስ ቁል? ለማቆየት የሚሆነው ጥሬው ብቻ ነው። የተቆላ ቡና ከመቁላቱ ጀምሮ መዓዛውን እየለቀቀ፣ ቅባቱም ከአየር ጋር እየተገናኘ ይሄዳል፤ ከወቀጡት ደግሞ ይብሳል። እናቶቻችን በየጊዜው ለአንድ ጀበና የሚበቃውን ብቻ ቆልተውና ወቅጠው ማፍላታቸው ከማቆየት አኳያ ሲታይም ትክክለኛ አሠራር ነው። ቡናን አጥቦ ማስቀመጥም አይገባም፤ የሚታጠበው ሊቆላ ሲል ነው።

በማኅበር መጋዘን

1. ከተቻለ የሰመራ ማኅበር የዓመት ቡናውን ሰመራ ላይ አያከማች። ቡናው ከተገዛበት ወይና ደጋ ዩኒየን ወይም አቅራቢ ጋር ተስማምቶ በየሦስት ወሩ ማውረድ ይሻላል። የማጓጓዣው ወጪ ከጣዕምና ከክብደት ጉድለቱ ጋር ተነጻጽሮ ይወሰን። ይህ ካልሆነ ቢያንስ የሐጋዩ ድርሻ ዘግይቶ ይውረድ።

2. ጆንያዎች በእንጨት ርብራብ ላይ ሆነው ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር፣ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። በክፍት ጆንያ ፋንታ ባለ ድርብ ከረጢት ቢሆን ይመረጣል።

3. የመጋዘኑ መስኮት ሌሊት ተከፍቶ ቀን ይዘጋ። በዝናብ ቀናት ግን ሌሊትም አይከፈት።

4. ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። በየጆንያው ላይ የገባበት ቀን፣ ምንጩ፣ ክብደቱና የውኃ መጠኑ ይለጠፍ።

በመያዣ ዕቃ ላይ የሚደረግ ጥብቅ ጥንቃቄ

በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ የቡና ንግዳችን ተጎድቶ ነበር። ብክለቱ ቡናው ከተያዘበት ጆንያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ በጊዜው ተገልጿል። የአንድ አገር የወጪ ንግድ በጆንያ ምክንያት ከታወከ፣ የአንድ ቤተሰብ ጤና በጀሪካን ምክንያት መታወኩ አያስገርምም።

ይህ በአዋሽ ሸለቆ በተለይ ሊተኮርበት ይገባል። በአሚባራና በዱብቲ አካባቢ የጥጥ እርሻ ከተስፋፋበት ዘመን ጀምሮ የፀረ ተባይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሯል። የመድኃኒት ባዶ ጀሪካንና በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለቡናም፣ ለውኃም፣ ለወተትም አይሆንም፤ ተበስቶ ከአገልግሎት ውጪ መደረግ አለበት። የማዳበሪያ ከረጢትም እንዲሁ ለምግብ አይውልም።

ነቀዝ ታየ ተብሎ ፎስቶክሲን የተባለውን እንክብል በቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሰው ይገድላል። ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ በክፍሉ የተኛውን ቤተሰብ አይምርም። ነቀዝ የታየበት ቡና ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ ቶሎ እንዲጠጣ ወይም አየር በማያስገባ ከረጢት እንዲታሸግ ይደረግ።

“አሮጌ ቡና ይሻላል” የሚባለው

አንዳንድ ሰዎች ቡና ሲከርም ይጣፍጣል ይላሉ። በሕንድ የማላባር ጠረፍ ሆን ተብሎ በዝናባማው ነፋስ የሚከረም ቡና መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሥራ በልዩ መጋዘን፣ በየጊዜው እየተገላበጠና እየተመረመረ ለሳምንታት የሚካሄድ የንግድ ዝግጅት ነው። በቤት ጥግ ተረስቶ ከከረመ ቡና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የቆየ ቡና ሲከፈት መልኩ ነጥቶ ሽታው ግን ንጹሕ ከሆነ ጣዕሙ ቀንሷል እንጂ ይጠጣል፤ በለስላሳ እሳት ቢቆላ ይሻላል። አረንጓዴ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየበት፣ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ግን አጥቦና ቆልቶ ለማዳን መሞከር አይገባም፤ ለከብትም ሳይሰጥ ይወገድ።

ለልማት ሠራተኞች፦ በሠርቶ ማሳያ ማስተማር

ይህን ሁሉ በቃል ከመናገር በዓይን ማሳየት ይበልጣል። አንድ የልማት ሠራተኛ በጥቂት ወጪ የሚከተለውን ማድረግ ይችላል። ከአንድ ጆንያ አራት ኪሎ ተኩል ቡና ወስዶ ለሦስት እኩል ይክፈለው። አንዱን በክፍት የጨርቅ ከረጢት ከጣሪያ ሥር፣ ሁለተኛውን በዚያው ዓይነት ከረጢት በቤቱ ጥላ ጥግ፣ ሦስተኛውን በተዘጋ ዕቃ በዚያው ጥግ ያስቀምጥ። በየወሩ ሦስቱንም ከነመያዣቸው መዝኖ ይመዝግብ፤ ሦስተኛው አይከፈትም። በሐጋይ መጀመሪያ ተጀምሮ ካርማ ሲያልቅ ይከፈት። ከዚያም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሦስቱ ለየብቻ ተቆልተው፣ በሦስት ጀበና ተፈልተው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገር ለአባላቱ ይቅረቡ። ቡና ጠጪ ሕዝብ ዳኝነቱን ያውቅበታል። የሚዛኑ መዝገብ ደግሞ ለቁጥጥር ኮሚቴው ይሰጥ፤ በሚቀጥለው ቆጠራ በመጋዘኑ ውስጥ ምን ያህሉ ጉድለት የአየሩ፣ ምን ያህሉ የሰው እንደሆነ ለመለየት ያገለግለዋል።